የክረምቱ እኩሌታ፦ ጓሮ፣ እሸትና ቡሄ በጣና ዳር



በእንዲህ ዓይነቱ መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት፣ ስለ እህል ግዥና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ይህም ተገቢ ነው። እኔ ግን በተሰጠኝ ገጽ የአንድ ትንሽ መሬትንና የአንድ ቀንን ታሪክ ለማቅረብ ፈልጌአለሁ። መሬቱ ከየቤታችን ጀርባ ያለው ጓሮ ነው። ቀኑ ደግሞ ነሐሴ 13፣ የቡሄ ዕለት ነው።

ሁለቱ ለምን አብረው እንደሚነሡ ለመረዳት በመጀመሪያ በጣት መቁጠር ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ከሰኔ 5 ቀን፣ ከሐምሌ 30፣ ከነሐሴ 30፣ ከጳጉሜን 5፣ ከመስከረም 25 ቀን ስንደምር 95 ቀን ይሆናል። የ95 ቀን መካከለኛው 48ኛው ቀን ነው። ከሰኔ 26 ጀምረን 48 ስንቆጥር የምናርፈው ነሐሴ 13 ላይ ነው። ከበፊቱ 47 ቀን አለ፤ ከበኋላውም 47 ቀን አለ።

እንግዲህ ቡሄ የክረምቱ እኩሌታ ነው ማለት ነው። አባቶች ዶሮ ሲጮህ ሌሊቱ እንዳለቀ እንደሚቆጥሩት ሁሉ፣ ቡሄ ሲያልፍም ክረምቱን እንዳለቀ ይቆጥሩታል። ዝናቡ ገና ሳያቆም እንዲህ ማለታቸው የሚያስገርም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ግማሹን መንገድ የሄደ ሰው የቀረውን አይፈራም። ይህ ጽሑፍ የጣና ዳር ሕዝብ ያንን ግማሽ መንገድ ምን እየበላ፣ ምን እየተከለ፣ እንዴት እየተደሰተ ይሻገረው እንደነበር የሚያስታውስ ነው።

አረንጓዴ መስክ፣ ባዶ ጎተራ

ነሐሴ በጣና ዳር ያማረ ወር ነው። ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር እስከ ፎገራ ሜዳ ያለው ምድር አረንጓዴ ለብሶ ይታያል። በባሕር ዳር ከተማ መንገድ ዳር እናቶችና ልጃገረዶች በከሰል ፍም ላይ የበቆሎ እሸት እየጠበሱ ይሸጣሉ። ከዝናብ በኋላ የትኩስ እሸት ሽታ ከረጠበ አፈር ሽታ ጋር ሲቀላቀል ያለፈውን ሁሉ ያስረሳል።

ይሁን እንጂ ገጠር ያደገ ሰው የዚህን ወር ሌላ ፊትም ያውቃል። ያለፈው ዓመት ጤፍና ዳጉሳ የተወቃው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በነሐሴ ጎተራው ስምንት ወር ሙሉ ሲቀዳ የቆየ ነው። አዲሱ እህል ደግሞ ገና ቡቃያ ነው። የእህል ዋጋ የሚወደደው፣ ሰው ቁና እህል የሚበደረው በዚሁ ጊዜ ነው። አረሙ፣ ኩትኳቶውና የጤፍ ዘሩ ደግሞ ከፍተኛውን ጉልበት የሚጠይቀው አሁን ነው። ብዙ ሥራና ጥቂት እህል የሚገናኙበት ወር ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ላይ ከነሐሴ 1 ጀምሮ የፍልሰታ ጾም ነው። ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው። ላሚቱ ለምለም ሣር በልታ ወተቷ ቢጨምርም ጿሚው ወተትና ቅቤ አይቀምስም። ከጎተራ እህል ከጎደለ፣ ከላም ወተት ከቀረ፣ የሚቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም ጓሮው ነው። እሸት በቆሎ፣ ድንች፣ የሐበሻ ጎመን፣ ዱባ፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፤ ይህ ሁሉ ከጓሮ የሚገኝ ነው። ሁሉም ያለ ቅቤ የሚበላ ነው። አበው «ጎመን በጤና» ያሉት የድህነት መጽናኛ ብቻ አይመስለኝም፤ የነሐሴን ማዕድ ከሚያውቅ ሰው አፍ የወጣ ቃል ይመስላል።

ባሕር ተሻግረው የመጡ

ከእነዚህ የጓሮ ተክሎች ውስጥ የሐበሻ ጎመን የአገራችን ነው። ሌሎቹ ግን ብዙዎቹ እንግዶች ናቸው። በቆሎ፣ ድንች፣ ዱባና ቃሪያ መነሻቸው አሜሪካ ነው። አውሮፓውያን ወደዚያ አህጉር ከመድረሳቸው በፊት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት፣ በአገራችን ጓሮ አንዳቸውም አልነበሩም። ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ፣ ያለ በቆሎ የነሐሴ ማሳ ማሰብ ይቸግረናል። አያቶቻችን ግን በአንድ ዘመን እነዚህን ሁሉ እንደ አዲስ ዘር ተቀብለው ሞክረዋቸዋል።

በቆሎ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፖርቱጋሎች በኩል እንደሆነ ይታመናል። ይህ ዘመን ፖርቱጋሎች ወደ ጣና ዳር የመጡበት፣ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንም በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጎርጎራ የተቀመጡበት ነው። የተክሉ መምጫ በስሙ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። በቆሎን «የባሕር ማሽላ» የሚሉት አሉና። ገበሬው አዲሱን ተክል ሲያይ ከሚያውቀው ማሽላ ጋር አመሳሰለው፤ ከየት እንደመጣም በስሙ ላይ ጨመረበት።

ይህ እንግዳ ዘር በሰፊው እርሻ ላይ ከመዘራቱ በፊት የተፈተነው በጓሮ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ምክንያቱም ጓሮ አመድና ፍግ የሚደፋበት፣ አፈሩ የሰባ፣ ለዓይን የቀረበ ቦታ ነው። ማንም ገበሬ የማያውቀውን ዘር የዓመት ቀለቡ ላይ አይደፋም። ጥግ ላይ ጥቂት ፍሬ ይቀብርና ይጠብቃል። እኛ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች «የሠርቶ ማሳያ ማሳ» የምንለው ነገር፣ እኛ ሳንፈጠር በየቤቱ ጀርባ ነበር።

ክፉ ቀንና ድንች

ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። ያመጣውም ሺምፐር የተባለ፣ በትግራይ አገር ብዙ ዘመን የኖረ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ለብዙ ዓመታት ግን ሰው ብዙም አልተቀበለውም። በሰፊው የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ በሚጠራው ዘመን ነው።

ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየ ረኀብ ነው። የከብት ደስታ በሽታ ከውጭ በገቡ ከብቶች አማካይነት ገብቶ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬ ሲሞት እርሻ ቆመ። በሬ የሌለው ገበሬ ዘር ቢኖረው እንኳ የሚያርስበት አልነበረውም። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ መሆናቸው በታሪክ ተመዝግቦ ይገኛል።

እዚህ ላይ የጓሮ ጥቅም ጎልቶ ይታያል። ጤፍ ደጋግሞ የታረሰና የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል። ድንች ግን በዶማ በተቆፈረ ትንሽ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ሦስትና አራት ወር ውስጥም ይደርሳል። በሬ የሞተበት ቤት በዶማ ጓሮውን ቆፍሮ ነፍሱን ማትረፍ ይችል ነበር። ያ በሽታ ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እርሱ ጠፍቶ እርሱ ያስለመደን ድንች ግን እስከ ዛሬ በማዕዳችን አለ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሩቅ አገር አንድ ነገር ልጨምር። በሰሜን አውሮፓ፣ በተለይም በስዊድን፣ የበጋቸውን እኩሌታ የሚያከብሩት በእኛ ሰኔ አጋማሽ ነው። ያን ጊዜ እዚያ ቀኑ እጅግ ይረዝማል። ሰዎች በአበባና በቅጠል ያጌጠ ምሰሶ ተክለው ዙሪያውን ይጨፍራሉ። ከማዕዳቸው የማይቀረው ደግሞ በዚያው ሰሞን ከመሬት የወጣ አዲስ ድንች ነው። ድንች ለእነርሱም እንግዳ ነበር። አልስትሮመር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ በስዊድን ማስፋፋት ሲጀምር ብዙዎች ችላ ብለውት ነበር። ከአሜሪካ ተራሮች የተነሣ አንድ ተክል በስዊድን የበጋ እኩሌታ፣ በጣና ዳር ደግሞ የክረምት እኩሌታ ማዕድ ሆነ። በሁለቱም አገር ተክሉ ባህል የሆነው ገበሬው ቀምሶ ከተቀበለው በኋላ ነው።

በሬ የማይገባበት ጓሮ፣ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ

ወደ ሐይቃችን ስንመለስ፣ በአጠገባችን ሁለት የተለያዩ የታሪክ ምስክሮች አሉ።

የመጀመሪያው ዘጌ ነው። በዘጌ ልሳነ ምድር በገዳማቱ ሥርዓት መሠረት በበሬ ማረስ የተከለከለ ነበር። በዚህም ምክንያት ደኑ ቆየ፤ ነዋሪውም በዛፍ ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ እያለማ ይኖር ነበር። የአካባቢው ሰው አቡነ በትረ ማርያም ከበትራቸው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ አበቀሉ ብሎ ይተርካል። ትረካውን እንደ እምነታችን እንቀበለው፤ ለግብርና ሰው ግን አንድ ቁም ነገር ይዟል። የአካባቢውን ኑሮ የመሠረቱት ሦስቱ ተክሎች የጓሮ ተክሎች ናቸው። ቡናውና ጌሾው ወደ ገበያ ወጥቶ በእህል ይለወጥ ነበር። በደንገል ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመላለሱ የነበሩት የዘጌ ሰዎች ከጓሮ መኖር እንደሚቻል ያሳዩ ናቸው።

ሁለተኛው ፎገራ ነው። በፎገራ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በደንቢያ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ማፈናቀሉን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በዚህ ውኃ በሚተኛበት መሬት ላይ በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተሞከረ። ሙከራው የተጀመረው በጅግናና በሻጋ በነበሩ የአምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። ያ የኅብረት ሥራ አሠራር በግዴታ የተሞላ ስለነበር ፈረሰ። ሩዙ ግን ቀረ። ዛሬ የፎገራ እናት ሩዝን ከጤፍ ጋር ቀላቅላ እንጀራ ትጋግራለች፤ ዳቦ ትደፋበታለች፤ ጠላም ትጠምቅበታለች። ማኅበር ቢፈርስ እንኳ ጥሩ ዘር ከገበሬው እጅ እንደማይጠፋ ከዚህ እንማራለን።

ሙልሙል

አሁን ወደ ቡሄ እንምጣ። ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማና ዕለት ነው። ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ቀን መታሰቢያ ነው። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ያለችው ደብረ ታቦር ከተማ በስሟ ስለሆነ በዓሉን በልዩ ድምቀት ታከብረዋለች። ቡሄ የሚለው ቃል ቡሆ፣ ማለትም ሊጥ፣ ከሚለው እንደመጣ የሚተረጉሙ አሉ።

በዓሉ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። እረኞች ከቀናት በፊት ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ያጮኻሉ። በዋዜማው ማታ ችቦ ይበራል። ልጆች በቡድን ሆነው ከደጅ ደጅ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ባለቤቲቱ ሙልሙል ዳቦ አውጥታ ትሰጣለች። የአብነት ተማሪዎችም ከምእመናኑ ጌሾ፣ ብቅልና ዱቄት ለምነው የራሳቸውን ድግስ ይደግሳሉ፤ ደብረ ታቦር የተማሪ በዓል የሚባለውም ለዚህ ነው። በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ቅቤ የለበትም፤ ዶሮም አይታረድም። ዱቄት፣ ውኃ፣ እሳት፣ ከጓሮ የተቆረጠ ቅጠል፤ በቃ።

ለረጅም ጊዜ ይህን በዓል የልጆች ጨዋታ አድርጌ አየው ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ጎተራ በጎደለበት፣ ክረምቱ በተጋመሰበት ቀን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከየቤቱ ዳቦ ይዞ ይመለሳል። ያለው ቤት ልጅና የሌለው ቤት ልጅ አንድ ቡድን ናቸው፤ የተሰበሰበውንም እኩል ይካፈላሉ። ማንም ለማኝ አይባልም፤ ማንም መጽዋች አይባልም። ዘፈን ሰጥቶ ዳቦ የሚቀበል ልጅ አያፍርም። ደቦና ወንፈል ጉልበትን እንደሚያካፍል፣ ቡሄ ዱቄትን ያካፍላል። የኅብረት ሥራን ሕግ ከዐዋጅ ቁጥር 147/1991 በፊት አባቶቻችን በዚህ መልክ ያውቁት ነበር።

ከስህተቴ የተማርኩት

ይህን ሁሉ ያስተዋልኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በሥራ ላይ ከሠራሁት ስህተት ነው። በዲፕሎማ ተመርቄ የተመደብኩበት ቀበሌ ለሐይቁ ቅርብ ነበር። በዚያ አንዲት እማወራ ነበሩ። ጓሯቸው ከአንድ ቃዳ አይበልጥም። በግንቦት መጀመሪያ የተዘራ ፈጥኖ ደራሽ ያገር በቆሎ፣ ከሥሩ ጎመን፣ በአጥሩ ላይ ዱባ፣ ጥግ ላይ ድንች፣ በር አጠገብ ጌሾ ነበረበት። እኔ ይህን ሳይ የታየኝ መዘበራረቅ ብቻ ነበር። «እማማ፣ ይህ ዘመናዊ አይደለም» አልኳቸው። ለሁለተኛው ዓመት መሬቱ በሙሉ ተጠርጎ በሰኔ መጀመሪያ ቢኤች 660 በመስመር እንዲዘራ አሳመንኳቸው። ማሳው ያማረ ሆነ። ለሪፖርቴም ፎቶግራፍ አነሣሁት።

በዚያ ዓመት በቡሄ ዕለት በደጃቸው ሳልፍ ልጆች እየዘፈኑ ነበር። እማማ ከወትሮው ያነሰ ሙልሙል ይዘው ወጡ። ዱቄቱን በብድር እንደገዙት በኋላ ሰማሁ። ቢኤች 660 ለመድረስ 160 ቀን ገደማ የሚፈልግ ዝርያ ነው። በነሐሴ 13 ገና አላበበም ነበር። ጎመኑም፣ ዱባውም፣ ድንቹም የለም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ በቆሎህ ጥሩ ነው። ግን የሚደርሰው በኅዳር ነው፤ ልጆቼ የሚርባቸው ደግሞ ዛሬ ነው።»

በኅዳር ምርቱ በእርግጥ ከፍተኛ ሆነ። ይህን አልክድም። ነገር ግን በክረምት በውድ ዋጋ የተበደሩትን ለመክፈል በኅዳር በርካሽ ዋጋ ብዙ በቆሎ መሸጥ ነበረባቸው። በወረቀት ላይ የጨመረው ምርት በጎተራ ሲገባ የጠበቅነውን ያህል አልሆነም። ጓሮው ይሰጥ የነበረው ነገር በኩንታል አይመዘንም፤ በሪፖርት ቅጻችን ላይም ዓምድ የለውም። በነሐሴ ከአራጣ የሚያድን ግን እርሱ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ተማክረን ቢኤች 660ን በዋናው ማሳ፣ ያገር በቆሎውን ከጎመኑና ከዱባው ጋር በጓሮ አደረግን። ሁለቱም በየቦታቸው ጥሩ ሆኑ። በዚያ ቡሄ ከሙልሙሉ ጋር የተቀቀለ እሸት ተጨምሮልኝ ተመልሻለሁ።

ለወደፊቱ

ዛሬ የጓሯችን ሁኔታ እንደ ድሮው አይደለም። የባሕር ማሽላን ታሪክ አንስተናል፤ በተመሳሳይ ስም የሚጠራ ሌላ እንግዳም አለ። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እንጨት እጥረት መፍትሔ ሆኖ ገባ። ጥቅሙ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ ከዳገት ወርዶ እስከ ቤት ጀርባ ደርሷል። በባሕር ዳር ዙሪያም ጫት ብዙ የጓሮ መሬት ይዟል። ሐይቁን ደግሞ እምቦጭ አስቸግሮታል። ጫት የተከለ ገበሬ ገንዘብ አያገኝም ልል አልችልም። የምጠይቀው በነሐሴ እኩሌታ ያ ገንዘብ ምን ያህል ጎመን፣ ምን ያህል እሸት እንደሚገዛ አብረን እንድናሰላ ነው።

ስለዚህ ለዩኒየናችንና ለመሠረታዊ ማኅበራቱ ሦስት ነገር በአክብሮት አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከማዳበሪያና ከዲቃላ በቆሎ ጋር ትንንሽ እሽግ የአትክልት ዘርና ንጹሕ የድንች ዘር ለአባላት ቢቀርብ። አዴት ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን «ዘንገና» እና «ጓሳ»ን የመሳሰሉ ዝርያዎች የክልላችን ልጆች ናቸው። ሁለተኛ፣ ፈጥኖ ደራሽ ያገር በቆሎ ዘር በየቤቱ ያሉ እናቶች ተለይተው ዘራቸው ሳይጠፋ እንዲባዛ ቢደረግ። ሦስተኛ፣ የሐምሌና የነሐሴ አነስተኛ የእህል ብድር በማኅበሩ በኩል ቢመቻች፤ አባላችን በውድ ተበድሮ በርካሽ ሸጦ እንዳይከፍል።

ውድ አንባቢያን፣ ጓሮ የሰነፍ መሬት አይደለም። እንግዳ ዘር የተፈተነበት፣ በክፉ ቀን ነፍስ የተረፈበት፣ በጾም ማዕድ የተሞላበት ቦታ ነው። በመጪው ግንቦት ዋናውን ማሳ ከማረሳችሁ በፊት ከቤታችሁ ጀርባ ሄዳችሁ ቁሙ። ነሐሴ 13 ቀን ልጆች በደጃችሁ ሲመጡ ከዚያ ምን ቆርጣችሁ እንደምትሰጧቸው አስቡና ያንን አስቀድማችሁ ዝሩ።

ለሚቀጥለው ክረምት እኩሌታ በሰላም፣ በጤናና በጥጋብ ያድርሰን።